አመድ ያቆማት ደሴት፦ የላንዛሮቴ አርሶ አደሮች የሠሩት መስህብ

ባሕር ዳር፦ ታኅሣሥ 14/2018 ዓ.ም

ጥቁር ጠጠር በለበሰ ሰፊ ገላጣ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ክብ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ሥር አንድ ወይም ሁለት የወይን ተክል ተተክሏል። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ደግሞ ጭቃም ሲሚንቶም ያልነካው፣ በግማሽ ክብ የተሠራ ዝቅተኛ የድንጋይ ካብ ጉድጓዱን አቅፎ ይዟል። ከኮረብታ ላይ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው ማሳው በጥቁር ጨርቅ ላይ የተጠለፈ ጥልፍ ይመስላል። በአካባቢው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወይኑ ግን ያፈራል።

ይህ ሥፍራ ላ ሄሪያ ይባላል። የሚገኘውም በአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ ከስፔን የካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በላንዛሮቴ ነው። ደሴቲቱ ከአፍሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትርቀው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከስፔን ዋና ምድር ግን 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የቆዳ ስፋቷ 846 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የጣና ሐይቅን ሩብ ያህል እንደ ማለት ነው። ነዋሪዎቿ ከ150 ሺህ ጥቂት ቢበልጡ ነው። በዓመት የሚጎበኟት ሰዎች ግን ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

በግንቦት 2017 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የግብርና ድርጅት (ፋኦ) የዚህችን ደሴት የአሸዋና የእሳተ ገሞራ ጠጠር ግብርና ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው የግብርና ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ስለ ላንዛሮቴ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ፀሐይዋና ስለ ባሕር ዳርቻዋ ነው። ፀሐይና ባሕር ዳርቻ ያላቸው ደሴቶች ግን ብዙ ናቸው። ይህችን ደሴት ከሌሎቹ የለያትን መልክ እሳተ ገሞራው ቢጀምረውም፣ የጨረሰው አርሶ አደሩ ነው። ዛሬ ደግሞ ያንን መልክ የሚጠብቀው እጅ እየሳሳ መጥቷል። ጉዳዩ ከእኛ አርሶ አደርም ከከተማ ነዋሪውም የራቀ ስላልሆነ ታሪኩን ከሥሩ እናነሣዋለን። በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም ተብለው ከተጠቀሱት በስተቀር ዓመታቱ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ደሴቲቱ ለምን ደረቅ ሆነች የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። የካናሪ ደሴቶች ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ፣ እርጥበት የተሸከመ ቋሚ ነፋስ ያገኛሉ። እንደ ቴኔሪፌ ባሉት ከፍታቸው 3 ሺህ 700 ሜትር በሚደርስ ደሴቶች ላይ ደመናው ከተራራው ጋር ተጋጭቶ ዝናብና ጉም ያወርዳል። የላንዛሮቴ ከፍተኛው ጫፍ ግን 671 ሜትር ብቻ ነው። ደመናው የሚጋጨው ነገር ስለማያገኝ በላይዋ አልፎ ይሄዳል። ነፋሱ ብቻ ይቀራል። ወንዝ የላትም። ሙቀቱ በክረምትም በበጋም ለሰው የተመቸ ነው፤ በጥር ቀኑ ወደ 21፣ በነሐሴ ወደ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ለጎብኚ ገነት የሆነው ይህ የአየር ጠባይ ለአራሽ የዘወትር ፈተና ነበር።

የደሴቲቱ የመጀመሪያ ነዋሪዎች ከሰሜን አፍሪካ የተሻገሩ፣ የአማዚግ ዘር ያላቸው ማሆ የተባሉ ሕዝቦች ነበሩ። ፍየል ያረቡ፣ ገብስ ይዘሩ ነበር። ላንዛሮቴ የሚለው ስም የመጣው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደረሰው ላንሴሎቶ ማሎሴሎ ከተባለ የጄኖዋ መርከበኛ ነው። በ1402 ዣን ደ ቤታንኩር እና ጋዲፌር ደ ላ ሳል የተባሉ ፈረንሳውያን በደሴቲቱ አርፈው ወረራ ጀመሩ፤ ደሴቲቱም በካስቲል ዘውድ ሥር ገባች። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት የድርቅና የባሕር ወንበዴ ዘመን ነበሩ። በ1618 ከአልጀርስ የመጡ ወንበዴዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማርከው ወስደዋል፤ ሕዝቡ የተደበቀበት የዋሻ መተላለፊያ ዛሬ ቲኬት ተቆርጦ የሚገባበት መስህብ ነው። ከአፍሪካ ጠረፍ የተሻገረው ግመልም በዚሁ ዘመን የአራሹ ዋና ጉልበት ሆነ። ግመል ሲያርስ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ በላንዛሮቴ ግን ትራክተር እስኪገባ ድረስ ማረስም፣ መጫንም፣ መውቃትም የግመል ሥራ ነበር። ዛሬ የካናሪ ግመል የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት የደሴቶቹ ልዩ ዝርያ ተብሎ ተመዝግቧል።

ይህ ሁሉ እያለ ላንዛሮቴ ዝናብ በሰጣት ዓመት ስንዴና ገብስ አምርታ ለጎረቤት ደሴቶች ትልክ ነበር። እህል የሚወጣባቸው ምርጥ ማሳዎች በደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ ነበሩ።

መስከረም 1 ቀን 1730 ምሽት፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቲማንፋያ በተባለው መንደር አቅራቢያ ምድር ተከፈተ። ይህን ጽፈው ያቆዩልን የያይዛ ደብር ቄስ የነበሩት አንድሬስ ሎሬንሶ ኩርቤሎ ናቸው። ቄሱ ከመሬት የወጣውን እሳት፣ እንደ ውኃ የሚፈሰውን ቅልጥ አለት፣ የተቀበሩትን መንደሮችና በጢስ ታፍነው የወደቁትን ከብቶች በየቀኑ እየመዘገቡ እስከ 1731 ማብቂያ ድረስ ቆዩ። ከዚያ በኋላ እርሳቸውም ከሕዝቡ ጋር ተሰደዱ። ፍንዳታው የጀመረበት 1730 በሀገራችን ዐፄ በካፋ ዐርፈው፣ ሕፃኑ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሦ፣ እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር የመንግሥቱን ሥራ በያዙበት ጊዜ ነበር። የጎንደር ዙፋን ወራሽ አግኝቶ ሲረጋጋ፣ የላንዛሮቴ አርሶ አደር ግን የሚያርሰው አጥቶ ጀልባ ይፈልግ ነበር።

ፍንዳታው እየቆመ እየተነሣ እስከ ሚያዝያ 1736 ቀጠለ። ይህም ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነው። ከሠላሳ በላይ የእሳት አፎች ተከፈቱ፤ ከደሴቲቱ ቆዳ ሩብ ያህሉ በቅልጥ አለት ተሸፈነ፤ ሃያ ያህል መንደሮች ጠፉ። የእህል ጎተራ የነበሩት ማሳዎች ከነአፈራቸው ተቀበሩ። ብዙ ሕዝብ ወደ ፉዌርቴቬንቱራና ወደ ግራን ካናሪያ ተሻገረ።

ቅልጥ አለቱ ወደ ሰሜን ገፍቶ ወደ ማንቻ ብላንካ መንደር በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ የእመቤታችንን ምስል ይዞ ምህላ ወጣ። ፍሰቱ በዚያ ከቆመ ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብለውም ተሳሉ። ፍሰቱ ቆመ። ስለቱ ግን ተረሳ፤ ትውፊቱ እንደሚለው ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ እመቤታችን ለአንዲት እረኛ ልጅ ተገልጣ ስለቱን አሳሰበች። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ በማንቻ ብላንካ ቆሟል። በየዓመቱ በመስከረም አጋማሽ የደሴቲቱ ሕዝብ የባህል ልብሱን ለብሶ፣ የምርቱን በረከት ይዞ በእግር ወደዚያ ይጓዛል። ለጎብኚው ድንቅ ትርኢት ነው፤ ለአርሶ አደሩ ግን የስለት ዕዳ ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። እሳተ ገሞራ ሁለት ነገር ይተፋል። አንዱ ቅልጥ አለት ነው፤ ይህ ሲቀዘቅዝ ለትውልዶች ምንም የማይበቅልበት ጠጣር ድንጋይ ይሆናል። ሁለተኛው ወደ ሰማይ ተወርውሮ በነፋስ እየተበተነ የሚወርደው ጠጠርና አመድ ነው። በላንዛሮቴ ይህ ጥቁር፣ ቀላልና ቀዳዳማ ጠጠር ፒኮን ይባላል። በሀገራችን በቢሾፍቱና በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለመንገድና ለብሎኬት ሥራ የሚቆፈረውን የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያየ ሰው ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል።

ከስደት የተመለሱትና በቦታቸው የቆዩት አርሶ አደሮች አንድ ያልጠበቁትን ነገር አስተዋሉ። ጠጠሩ በስሱ በወረደባቸው ማሳዎች ላይ ተክሉ ከበፊቱ ይልቅ ለመለመ፤ ዝናብ ባነሰበት ዓመትም ቶሎ አልጠወለገም። ጠጠሩ በወፍራሙ በተከመረበት ቦታ ግን ሥሩ አፈሩን ሳይነካ ይደርቃል። ከዚህ ምልከታ ሁለት መፍትሔዎች ወጡ። ጠጠሩ ባልደረሰበት ማሳ ላይ ከሌላ ቦታ እያጓጓዙ አሥር፣ አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ማልበስ፤ እንደ ላ ሄሪያ በሜትሮች በተቀበረ መሬት ላይ ደግሞ አሮጌው አፈር እስኪገኝ ድረስ መቆፈር። ጥልቀታቸው እስከ ሦስት ሜትር የሚደርሱት የወይን ጉድጓዶች የተወለዱት ከዚህ ነው። ተክሉ ሥሩን የሚሰደው በ1730 በተቀበረው የእህል ማሳ ውስጥ ነው ማለት ነው።

በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ስለ አፈር እርጥበት ዕቀባ የተማርነው አብዛኛው ስለ እርከንና ስለ ጉዝጓዝ ነበር። የላንዛሮቴው ዘዴም በመሠረቱ ጉዝጓዝ ነው፤ ልዩነቱ በገለባ ፋንታ በድንጋይ መጎዝጎዙ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ውኃው በጠጠሩ መካከል ሰርጎ በፍጥነት ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ ስለዚህ ጎርፍ ሆኖ አይሄድም። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ በተራ ማሳ ላይ የሚሆነው እዚህ አይሆንም። በተራ ማሳ ውኃው በደቃቅ የአፈር ቀዳዳዎች እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣና ይተናል። የጠጠሩ ቀዳዳዎች ግን ሰፋፊ ስለሆኑ ያንን የውኃ መውጫ መንገድ ይቆርጡታል። እርጥበቱ ከታች ታፍኖ ይቆያል። በተጨማሪም ጠጠሩ የአፈሩን ሙቀት ያለዝባል፤ አረምም ይቀንሳል።

ለጎብኚዎች ሲነገር ጠጠሩ ሌሊት ጤዛ ጠጥቶ ቀን ተክሉን ያጠጣል ይባላል። አባባሉ ያምራል፤ ጤዛውም አለ። ሆኖም የጤዛው ድርሻ የሚጋነን ይመስለኛል። ዋናው ሥራ ያለውን ውኃ አለማስነጠቅ ነው፤ ትንሽ ዝናብ ላለው አርሶ አደርም ትልቁ ትምህርት እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ኅዳር 14/2018 ዓ.ም በአፋር ክልል የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በአፍዴራ አካባቢ የግጦሽ መሬት በአመድ ተሸፍኖ አርብቶ አደሩን አስጨንቋል። «አመድ በረከት ነው» የሚለውን የላንዛሮቴ ታሪክ እንደዚያው አንሥቶ ለእነርሱ መንገር ስሕተትም ጭካኔም ነው። ደቃቅ አመድ እንደ ጠጠሩ አይደለም። ዝናብ ሲያገኘው ይጋገራል፤ ሣሩን ይሸፍናል፤ ከብት ከሣር ጋር ሲበላው ይጎዳል። የላንዛሮቴ ሕዝብም ቢሆን በፍንዳታው ዓመታት ከብቱን አጥቷል፤ ተርቧል፤ ተሰድዷል። በረከቱን ያገኘው ቆይቶ፣ በብዙ ድካም ነው።

ድካሙ ደግሞ ዛሬም አላበቃም። በላ ሄሪያ ጉድጓዶች መካከል ትራክተር ሊገባ አይችልም። ቆፋሪውም፣ ገራዡም፣ ለቃሚውም እጅ ነው። ነፋስ ጠጠሩን መልሶ ወደ ጉድጓዱ ያንከባልለዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። ካቡ ሲናድ እንደገና ይካባል። ጠጠሩ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ኃይሉን ስለሚያጣ አረም ሲነቀል እንኳ ከታች ያለውን አፈር ላለማውጣት ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ውሎ አድሮ መቀላቀሉ ስለማይቀርም አሮጌው ተጠርጎ በአዲስ ይተካል። አንድ ጉድጓድ የሚይዘው ቦታ ሰፊ፣ የሚሰጠው ምርት ግን ትንሽ ነው። ከአንድ ሄክታር የሚገኘው ወይን በሌላው የስፔን ክፍል ከሚገኘው እጅግ ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ማልቫሲያ ከተባለው ነጭ ወይን የሚጠመቀው የወይን ጠጅ ስሙ የታወቀ ነው፤ ከ1993 ጀምሮም በምንጩ ስም ተመዝግቦ ጥበቃ ይደረግለታል። ለቀማው በሐምሌ ስለሚጀመር በአውሮፓ ሀገራት ሥር ካሉት የወይን እርሻዎች ከሁሉ የሚቀድሙት አንዱ ነው።

የደሴቲቱ ሌላው ግብርና እንደ ላ ሄሪያ ፎቶ አይበዛበትም፤ ለእኔ ግን ከእርሱ አያንስም። በሰሜን ከፋማራ ባሕር ዳርቻ የሚነሣ ነጭ የባሕር አሸዋ በነፋስ እየተገፋ ደሴቲቱን መሐል ለመሐል አቋርጦ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ይህን መሬት ሃብሌ ይሉታል። አርሶ አደሩ አሸዋው በሸፈነው አፈር ላይ ስኳር ድንች፣ ሐብሐብና ዱባ ይተክላል። አሸዋው እንደ ጠጠሩ እርጥበት ይይዛል፤ ነገር ግን ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ተክሉን ይቀብራል። ስለዚህ በየመደቡ መካከል የሰብል ገለባ በመስመር እያቆሙ ነፋሱን ይሰብሩታል። ሁለቱም ዘዴዎች፣ የጥቁሩ ጠጠርና የነጩ አሸዋ፣ በፋኦ መዝገብ በአንድነት የገቡት ለዚህ ነው።

ከእኛ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ አንድ ታሪክም አለ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል፣ በጉዋቲዛና በማላ መንደሮች፣ አርሶ አደሩ ማሳውን በሙሉ በለስ ተከለበት። የሚፈለገው ፍሬው አልነበረም፤ በቅጠሉ ላይ ተጣብቃ የምትኖረው ኮችኒል የተባለች ነፍሳት ነበረች። ነፍሳቷ ደርቃ ስትፈጭ ደማቅ ቀይ ማቅለሚያ ትሆናለች፤ የአውሮፓ የጨርቅ ፋብሪካዎችም ተሻሙባት። ብዙም ሳይቆይ በፋብሪካ የሚሠራ ማቅለሚያ ተፈለሰፈና ገበያው ወደቀ። ማሳዎቹ በአብዛኛው ተትተዋል፤ ከሰው ከጥቂቱ ጋር የቀረችው ኮችኒል ግን በ2016 በአውሮፓ ኅብረት በምንጯ ስም ተመዝግባለች።

ይህችው ነፍሳት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለማቅለሚያ ምርት ተብላ ወደ ትግራይ ገብታ ነበር። ለቀማው ሲቋረጥ ከቁጥጥር ውጪ ወጣች። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ትግራይ ለሰው ምግብ፣ ለከብት ደግሞ መኖ የነበረውን በለስ በሰፊው አጥፍታለች። ተክሉም ነፍሳቷም ያው ናቸው። በአንዱ ቦታ በለሱ የሚተከለው ለእርሷ ሲባል ነው፤ በሌላው ቦታ የድኻው ቀለብ ነበር። የግብርና ሐሳብ ከአንድ ሀገር ወደ ሌላው ሲሻገር ማን ይለቅመዋል፣ ማን ይገዛዋል፣ ካልተገዛስ ምን ይሆናል የሚሉትን ጥያቄዎች አስቀድሞ አለመጠየቅ ይህን ያህል ያስከፍላል።

እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላንዛሮቴ ድኻ ነበረች። የዝናብ ውኃ ከጣሪያና ከግቢ እየተጠራቀመ በመሬት ውስጥ ጉድጓድ ይቀመጥ ነበር፤ በድርቅ ዓመት ውኃ በመርከብ ይመጣ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ1964 በዋና ከተማዋ በአሬሲፌ የባሕርን ውኃ ወደ ጨው አልባ ውኃ የሚለውጥ ማጣሪያ ሥራ ሲጀምር ነው፤ በስፔን የመጀመሪያው ነበር። ውኃ ከተገኘ ሆቴል መሥራት ይቻላል። ቱሪዝም በዚህ በር ገባ።

በዚያን ጊዜ በሌሎች የስፔን የባሕር ዳርቻዎች ፎቅ በፎቅ ላይ ይደረደር ነበር። ላንዛሮቴን ከዚያ ዕጣ ያዳናት በአብዛኛው አንድ ሰው ነው። ሠዓሊው ሴሳር ማንሪኬ በ1919 በአሬሲፌ ተወለደ። በማድሪድ ተማረ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ ኖረ፣ ከዚያም ወደ ደሴቱ ተመለሰ። የደሴቲቱ አስተዳደር ፕሬዚዳንት የነበረው ሆሴ ራሚሬስ ሰርዳ የልጅነት ጓደኛው ስለነበር ሐሳቡ ሰሚ አገኘ። ማንሪኬ የጠየቀው ጥቂት ነገር ነው፦ ቤቱ ዝቅ ያለ ይሁን፤ በኖራ ይነጣ፤ በርና መስኮቱ እንደ ድሮው አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይቀባ፤ በየመንገዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ አይቁም። በአሬሲፌ ከቆመ አንድ ረጅም ሆቴል በቀር ደሴቲቱ ዛሬም ዝቅ ብላ የምትታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ማንሪኬ የሠራቸው ቦታዎች ከዋነኞቹ መስህቦች መካከል ናቸው። ሃሜዮስ ዴል አጉዋ ቅልጥ አለት ሲፈስ በተወው ዋሻ ውስጥ የተሠራ መዝናኛ ነው። የራሱን ቤት በአለቱ ውስጥ በተፈጠሩ ባዶ ክፍተቶች መካከል ገነባ። በ1990 የተከፈተው የጉዋቲዛ የቁልቋል አትክልት ሥፍራ ቀድሞ አርሶ አደሮች ለማሳቸው ጠጠር የሚያወጡበት ጉድጓድ ነበር፤ ለዓመታት ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቆይቶ ነው የተነሣው። በደሴቲቱ መካከል፣ በሳን ባርቶሎሜ፣ በ1968 ያቆመው ነጭ ሐውልት ደግሞ ቁመቱ 15 ሜትር ያህል ሲሆን የተሠራው ከአሮጌ ጀልባዎች የውኃ ታንኮች ነው። ስሙ የአርሶ አደሩ ሐውልት ይባላል። ሐውልት ለጦር መሪ በሚቆምበት ዓለም፣ በነፋስና በጠጠር መካከል ለኖረ ስም የለሽ አራሽ የቆመ ሐውልት ማግኘት ብርቅ ነው።

በ1974 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ቲማንፋያ ከሁሉ በላይ ጎብኚ ያገኛል። ምድሩ እስካሁን አልበረደም። በአሥራ ሦስት ሜትር ጥልቀት ላይ ሙቀቱ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ይለካል። ሠራተኞች በመሬት በተተከለ ቱቦ ውኃ ሲያፈሱበት በቅጽበት በእንፋሎት ተመልሶ ወደ ሰማይ ይወረወራል፤ ደረቅ ቁጥቋጦ በጉድጓድ ሲያስገቡ በራሱ ይነዳል። ምግብ ቤቱ ሥጋ የሚጠብሰው ከምድር በሚወጣው ሙቀት ነው። ማረሻ ይጎትት የነበረው ግመልም እዚያው ጎብኚ ጭኖ ኮረብታ ይወጣል። ግመሉ ሥራ ቀየረ እንጂ አላረፈም።

ማንሪኬ በመስከረም 1992 በመኪና አደጋ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ዩኔስኮ ደሴቲቱን በሙሉ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ መዘገበ። ገንዘቡ ግን ዕረፍት አልሰጠም። ከ1991 ጀምሮ የአልጋ ቁጥርን የሚገድብ የደሴቲቱ የልማት ዕቅድ ቢኖርም፣ በዕቅዱ መሠረት ያልተሰጡ የሆቴል ፈቃዶች በኋላ በፍርድ ቤት ተሽረዋል፤ ሕንፃዎቹ ግን ቀድመው ተሠርተው ነበር። ሚያዝያ 20 ቀን 2024 በካናሪ ደሴቶች በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አደባባይ ወጥተው የጎብኚው ብዛት የቤት ኪራዩንና ውኃውን ከአቅማቸው በላይ እንዳደረሰው ገልጸዋል። በአሬሲፌም ሰልፍ ነበር።

ማሳው ላይ የሚታየው ጉዳት ከዚህ ዝም ያለ ነው። ወጣቱ በሆቴል ቋሚ ደመወዝ እያገኘ ሦስት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ የሚንበረከክበት ምክንያት አይታየውም። አይፈረድበትም። ሆኖም ጉድጓዱ በሰው እጅ የተሠራ ነው፤ ካልተጠረገ ነፋሱ ይሞላዋል፤ ካቡም ይናዳል። አሁን በደሴቲቱ ሲዘዋወሩ ሣርና ቁጥቋጦ የወረሳቸው፣ ካባቸው የፈረሰ ማሳዎች ይታያሉ። ጎብኚው መኪናውን አቁሞ ላ ሄሪያን ፎቶ ሲያነሣ ለዕይታው የሚከፍለው ለማንም አይደለም፤ የአልጋው ዋጋ ለሆቴሉ፣ የመኪናው ኪራይ ለአከራዩ ይገባል። ለጉድጓዱ ባለቤት የሚደርሰው በመንገዱ ዳር ካለው መጥመቂያ አንድ ጠርሙስ የወይን ጠጅ ሲገዛ ብቻ ነው። መጥመቂያዎቹም የወይኑን ዋጋ ከፍ አድርገው እንዲገዙ ያስቻላቸው ይኸው ከጎብኚ የሚያገኙት ገቢ ነው። ስለዚህ ቱሪዝም የግብርናው ጠላት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥያቄው ገንዘቡ እስከ ጉድጓዱ ሥር ይወርዳል ወይስ በመንገድ ይተናል የሚለው ነው።

ለእኛ አርሶ አደር ከዚህ ሁሉ ምን ይወሰዳል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጠጠር በመኪና አስጭኖ ማሳ ማልበስ፣ ቦታው ለእሳተ ገሞራ ጠጠር ቅርብ ካልሆነ፣ የሚያዋጣ አይደለም። ገለባ መጎዝጎዝም ቢሆን በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም፤ ገለባው የከብት መኖ ነው፤ በሬውን አስርቦ አፈሩን የሚያለብስ አርሶ አደር የለም። ነገር ግን እንደ ዋግ ኽምራ ባለ ዝናብ አጠር አካባቢ ከማሳው የሚለቀመውን ድንጋይ ከዳር ከመከመር ይልቅ በፍራፍሬ ችግኝ ዙሪያ መደርደር፣ ችግኙንም በግማሽ ጨረቃ እርከን ውስጥ ዝቅ አድርጎ መትከል ወጪው የጉልበት ብቻ ነው። ለመሞከር ሁለት ችግኝ ይበቃል፤ አንዱን በድንጋይ አልብሶ፣ ሌላውን ባዶውን ትቶ፣ በጥርና በየካቲት የሁለቱንም አፈር በጣት ቆፍሮ ማየት ነው።

የላንዛሮቴ አርሶ አደሮች የመጪውን ዓመት የወይን ግርዛት የሚጀምሩት በእነዚሁ የክረምታቸው ወራት ነው። ከፋኦ መዝገብ ከገቡ በኋላ የመጀመሪያው የግርዛት ወቅት የ2018 ዓ.ም ነው፤ ነፋሱም እንደ ወትሮው በጉድጓዶቹ ላይ ጠጠር እያንከባለለ ነው።